ሦስተኛው ሰማያዊ

የካቲት ነው። ተንደር ቤይ። ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ
የተናገሩት ቃል ራሱ በረዶ ሆኖ ነው የሚወጣ።
እኔ የገበያ አዳራሹ ጋሪ ሰብሳቢ ነኝ፤
ጠዋት አካፋ፣ ማታ ጨው፣ ሌላ ሙያም የለኝ።
ከበሩ ፊት ያሉትን ማቆሚያዎች አውቃቸዋለሁ፣
ማን እንደሚቆምባቸው፣ ስንት ደቂቃ፣ እቆጥራለሁ።
መሬቱ ላይ ሰው ተስሏል፣ ሰማያዊ፣ በጎማ ወንበር፣
ራሱ ክብ ነው፣ ፊት የለውም፤ ማንንም አያማርር።

ካይሳ መጣች አንድ ማክሰኞ፣ በሰባተኛ ወሯ፣
መሪው ሆዷን እየነካ፣ ወደ ኋላ ተገፍቶ ወንበሯ።
ከመስታወቱ ላይ ሰቀለች ቀይ ጊዜያዊ ካርድ፣
ሐኪም ፈርሞ የሰጣት፣ ከወሊዷ ጋር የሚሄድ።
«እርግዝና ሕመም አይደለም» ባይ ነበረች ራሷ፣
የዳሌዋ አጥንት ላልቶ ጩኸት እስኪሆን ካልሲ መልበሷ።
ስትወርድ አየኋት፤ አንድ እግር፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፤
በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሌላኛውን እግር ጠርታ።

አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «ኧረ! እኛም ወልደናል» አለች፣
«አምስቱንም በአውቶቡስ ነው!» የእንቁላል ካርቶኗን አቅፋ አለፈች።

ያኔ ነው ኦሬስቴ የመጣ፣ አሮጌ ፒክአፑን እያስነጠሰ፣
አንድ እግሩን ለወረቀት ፋብሪካው ጥቅልል ገብሮ የተመለሰ።
የመጀመሪያው ቦታ ተይዟል፣ ሁለተኛውም ተይዟል፤
ቀዩን ካርድ አንብቦታል፣ ሆዷንም አይቷል።
መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ይሰድባታል ብዬ ጠበቅሁ፤
እኔም፣ አልዋሽም፣ ለመስማት ጋሪዬን ገታ አደረግሁ።

«ስንተኛሽ ነው?»
«የመጀመሪያ።»
«ይበርድሻል፣ ግቢ» ብሎ ዞረ ወደ ሩቁ ማቆሚያ።

ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ብላ? ምን ትበል?
«እኔ ልልቀቅልህ» ለማለት መልሶ መግባትን መቻል!

ወተትና ዳቦዋን ይዛ ስትወጣ ዱካው አለ በረዶው ላይ፦
ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ ጫማ።
ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ ጫማ።
ከዚያ አንድ ሰፊ ጭረት፣ የተሰበረ ክንፍ የመሰለ፣
የመዳፍ ቅርጽ፣
እንደገና ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ ጫማ።
ቆማ አየችው። ወተቱ እጇ ላይ እስኪከብድ አየችው።
ቀዩን ካርድ ከመስታወቱ አውርዳ ኪሷ ከተተችው።

በምሳ ሰዓት ጓዳው ውስጥ ክርክሩ ጦፈ፦
«ሆድ ነገ ይቀላል፤ የእሱ እግር ግን አንዴ አለፈ።»
«እሱ ለምዶታል፣ እሷ ናት አዲስ!» አለች ብሮኒያ ከካሸሩ።
«ይለመዳል ወይ?» አለ አንዱ፤ ሹካዎች ሁሉ ዝም አሉ፣ ቀሩ።
«ካርድ ካለ ቦታ አለ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣
የሳንድዊች ፍርፋሪውን እያራገፈ ከእጁ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝ። ብጠየቅስ ምን እላለሁ?
ሰማያዊው ሰው ሦስት ነው። ሁለቱን ብቻ ነው የነገርኳችሁ።
ሦስተኛው ከገና ወዲህ ከበረዶ ክምሩ ሥር ተኝቷል፤
«እዚያ ግፋው፣ ይቀርብሃል» ብሎ አለቃዬ አዞኛል፤
አዎ፣ አዞኛል። አካፋው ግን የእኔ፣ ክንዱም የእኔ፤
ሁለት የተጎዱ አጥንቶች በአንድ ስንዝር መሬት ሲተዛዘቡ
የተረፈውን ስንዝር የቀበርኩት እኔ።

ማታ ሲዘጋ ቀረሁ፤ መብራቱ በግማሽ ጠፋ።
ላዩ ዱቄት ነው፣ ውስጡ አለት፤ ጎበጠብኝ አካፋ።
እኩለ ሌሊት ሆነ፣ አለፈ፤ ጓንቴ ከጣቴ ተጣበቀ፣
ከነጩ ሥር አንድ ሰማያዊ ነገር፣ እንደ ዓይን፣ ተፈለቀቀ።

ተንበረከክሁ። በእጄ ጠረግሁት።
ክብ ነው። ፊት የለውም።
ትከሻው ገና አልወጣም፣ ጎማውም።

ራሱ ቀድሞ መጣ።